አልጌው ደርሶናል፤ አውራው ይመለስልን

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ቃለ አብ
የፍየል ርቢ ማሻሻያ የአልጌ መኖ ሙከራ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ በግንቦትም እንደማይለቅ ስለማውቅ ጉንፋን እንዳያገኝዎ፣ ወገብዎን እንዳይይዝዎ፣ በየስልጠናው የሚመላለሱበት መንገድ ሁሉ ቀና እንዲሆንልዎ ከአልዩ አምባ በታች ከምትገኘው ከወርካ ሥር መንደር እመኝልዎታለሁ። እኛ ደኅና ነን። ፍየሎቻችንም ደኅና ናቸው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ደኅና ናቸው፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሜ ሰይፈሥላሴ ይባላል። የመንደሩ ወፍጮ የእኔ ነው። እህሉ እስኪፈጭለት የሚጠብቅ ሰው የሆዱን ሁሉ ስለሚያወራ፣ የወርካ ሥር አቤቱታ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክናቸው ሁለት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበው በዓይኔ ስላየኋቸው፣ ሦስተኛው መጥቶ ክምሩን እንዳያፈርሰው ሰግቼ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ያውቁታልና ይህን አንቀጽ ቢዘሉት አልቀየምም። ባለፈው ኅዳር ወይዘሪት ዮርዳኖስ የተባለች የፕሮጀክትዎ ባለሙያ በነጭ መኪና መጥታ፣ ከወርካው ጥላ ሥር ሰብስባን፣ አልጌ የሚባል አረንጓዴ ዱቄት አሳየችን። አልጌ በኩሬ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ዘመድ መሆኑን፣ በገንዳ አብቅሎ፣ አድርቆና ፈጭቶ ከመኖ ጋር ለእንስት ፍየል ቢሰጧት ቶሎ እንድታረግዝ፣ ምናልባትም መንታ እንድትወልድ ሊረዳት ይችላል ተብሎ እንደሚታሰብ፣ በእኛ ፍየሎች ላይ የሚሞከረውም ይኸው መሆኑን በትሕትና አስረዳችን። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ትናገራለች፣ ታዳምጣለችም። ማምሻውን መኪናው ሲመለስ ግን የመንደራችንን ብቸኛ አውራ ፍየል፣ የወይዘሮ ሰሊሃን ቦቃ፣ ጭኖ ሄደ። ለአንድ ወር ነው ተባለ። ይኸው ግንቦት ገባ። አልጌው በየወሩ ይመጣል፤ አውራው አልመጣም።

ስለዚህ ጥያቄያችን አንድ ናት፤ ቦቃ ግንቦት ሳይወጣ ወደ መንደሩ ይመለስልን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው፤ እንዳይረሳ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዱቄቱ። እናመሰግናለን። ባለወፍጮ ነኝና የዱቄት ነገር ይገባኛል፤ እንዲህ የላመ ነገር የእኔ ድንጋይ አውጥቶ አያውቅም። መንደርተኛውም ወዲያው «አረንጓዴ ሽሮ» ብሎ ስም አወጣለት። ሽታው ግን የዓሣ ነው፤ የሦስት መንደር ድመት ሰበሰበልን። ባለቤቴ ሥርጉት ከጾም እህል ጋር በአንድ ጓዳ አላሳድረውም ብላ ከረጢቱን ወደ ወፍጮ ቤት አባረረችው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ገና እልባት አላገኘም። ወይዘሪት ዮርዳኖስ ዱቄቱ ከዓሣ ጋር ምንም ዝምድና እንደሌለው ደጋግማ ብታስረዳትም፣ ሥርጉት «ፍየሏ ብትገድፍ ትገድፍ፤ እኔ በጠረን አልገድፍም» ብላ ነገሩን ዘጋችው። በጎረቤታችን በጋሽ ዓወል ቤት በኩልም ሐላል ነው አይደለም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ እሳቸው ግን ማንንም ሳይጠይቁ «ከውሃ የወጣ ነው፣ የሚበላውም ፍየል ነው፤ ጨርሰናል» ብለው በአንድ ቃል ፈረዱ። በዚህ ዓይነት አልጌው የሁለቱንም ሃይማኖት ፈተና አልፎ ወደ ገንዳ ገባ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጆሮ ቁልፎቹ። ባለሙያዋ ለእኩሌታዎቹ ቤቶች ፍየሎች ቢጫ መለያ ቁልፍ፣ ለቀሩት ሰማያዊ ቁልፍ በጆሯቸው ላይ አደረገች። ቢጫዎቹ ይበላሉ፤ ሰማያዊዎቹ አይበሉም፣ ማነጻጸሪያ ናቸው ተባለ። ዕጣው የወጣው በቤት ነበርና የጋሽ ዓወል ፍየሎች በሙሉ ቢጫ ሆኑ፤ አጥር የሚጋሯቸው የሰሊሃ ፍየሎች በሙሉ ሰማያዊ ሆኑ። አውራዋን ለሙከራው የሰጠችው ሰሊሃ መሆኗን እዚህ ላይ ያስታውሱልኝ።

ክቡር ዶክተር፣ ምናልባት ያልነገርንዎ አንድ የመንደራችን ሕግ አለ። በወርካ ሥር ፍየል ስትወልድ የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ ከባለቤቱ አፍ በፊት ለጎረቤት ይደርሳል። እሸት ሲደርስም እንዲሁ ነው። አዲስ ነገር ወደ ቤት ገብቶ ጎረቤት ሳይቀምሰው ካደረ የዚያ ቤት ስም በየምንጩ ሲነሣ ይከርማል። ጋሽ ዓወልም የእሳቸው ፍየሎች አረንጓዴ ሽሮ ሲልሱ፣ የሰሊሃ ፍየሎች አጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ፣ ጥቂት ቀን እንደ ምንም ቻሉ። ከዚያ በኋላ ከዱቄቱ እኩሌታውን በእንቅብ አድርገው፣ «ጎረቤት እያየ የሚበላ ፍየል በእኔ ቤት አላሳደግሁም» እያሉ ለሰሊሃ አደረሱላት። ይህ ነገር በታየ በማግስቱ ሌላውም ባለ ቢጫ ቤት አፈረና አካፈለ። ወሩ ሳይወጣ በመንደራችን አልጌ ያልቀመሰ ሰማያዊ ቁልፍ አልነበረም።

ይህን ለባለሙያዋ አልነገርናትም። ለመደበቅ አልነበረም፤ ለጎረቤት ማካፈል ምኑ ይነገራል? ማነጻጸሪያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባን በጣም ዘግይቶ ነው፤ በዚህ በኩል ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለወደፊቱ ግን አጠገቧ ያለችው ፍየል እየበላች እሷ እንድትጾም የምትፈለግ ፍየል ካለች፣ ማሰሪያዋን ወደ ሌላ ወረዳ ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስለ አውራው። ወይዘሪት ዮርዳኖስ እንዳስረዳችን ቦቃ የተወሰደው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ዘሩ ጤናማ መሆን አለመሆኑ በመሣሪያ እንዲታይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንስቶቹ አልጌውን በቂ ጊዜ ሳይበሉ፣ በጽሕፈት ቤትዎ አነጋገር፣ «ቁጥጥር ያልተደረገበት ርቢ» እንዳይካሄድ ነው። አባባሉን ወደነዋል፤ ሠርግ ቤት ሁሉ እየጠቀስነው ነው።

እርግጥ ነው፣ ሌላ አውራ ቢኖረን አንቸገርም ነበር። እኛ ግን ከጥንትም ከአንድ አውራ በላይ አናስቀርም፤ ሁለት አውራ ያለበት መንደር አጥር አይበረክትለትም። የቀረው ወንድ ተኮላሽቶ ሙክት ይሆንና ለበዓል ገበያ ይወጣል። በዚያው ኅዳር ደግሞ ለተተኪነት ያሰብናቸውን ወጠጤዎች እንኳ፣ ሙከራው ንጹሕ እንዲሆን በሚል፣ የፕሮጀክትዎ ሰዎች በአንድ ጠዋት በብረት ጉጠት አዳርሰዋቸው ሄዱ። ሥራው ፈጣንና ጥራት ያለው ነበር፤ አንድም ያመለጠ የለም። ከቆላ በኩል ለገበያ ከሚወጡት ነጋዴዎች አውራ እንዋስ ብንልም ከውጭ አውራ ጋር የተገናኘች ፍየል ከሙከራው እንደምትሰረዝ ተነገረን።

በዱቄቱ ነገር አልታዘዝንም እንጂ በዚህኛው ታዝዘናል። በገበያ ቀን ፍየሎቻችንን ከመንገድ አርቀን፣ በተራ እየወጣን፣ ወንድም ያላገባች እህቱን እንደሚጠብቅ ጠበቅናቸው። አንድ ዳለቻ የነጋዴ አውራ እስከ ወንዙ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጋሽ ዓወል በድንጋይ መልሰውታል። ዛሬ ያን ድንጋይ ባስታወሱ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያስቡት፤ በአንድ እጃችን እንዲያረግዙ እየቀለብን፣ በሌላው እጃችን እንዳያረግዙ እየጠበቅን በጋውን በሙሉ ሠርተናል። በወርካ ሥር እንዲህ በሁለት በኩል የተሟላ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም።

አራተኛ፣ ስለ አልጌው ውጤት። ሳይንሱን አላውቅምና ዱቄቱ ይሠራል አይሠራም ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። የማውቀው ያየሁትን ነው። የፍየሎቹ ጠጉር እንደ ተቀባ ያብረቀርቃል። ከጥር ጀምሮ ደግሞ ወንድ ፍለጋ መንደሩን አስጨንቀውታል። ጭራቸውን እያርገበገቡ ይጮኻሉ፤ እርስ በርሳቸው ይወጣጣሉ፤ ገደል አፍ ላይ ቆመው ወደ ደጋው፣ ወደ እርስዎ አቅጣጫ፣ አንጋጠው ይውላሉ። የእኔዋ ጥቁር ፍየል የወፍጮውን ሞተር ጉርምርምታ የአውራ ድምፅ አድርጋ ወስዳው፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር በሩ ላይ ስትሽኮረመም ትውላለች፤ ባለ ጤፉም ባለ ማሽላውም እየሣቀባት ነው የሚያልፈው።

የባሰው የጋሽ ዓወል ነው። ጢማቸው ረጅምና ሹል መሆኑን እርስዎም አይተዋል መሰለኝ። ሁለት ባለ ሰማያዊ ቁልፍ ፍየሎች ከገበያ መልስ እስከ ደጃፋቸው ድረስ በሕዝብ ፊት ተከትለዋቸው ገቡ። እሳቸውም ዞር ብለው፣ «እናንት ልጆች፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሥራው ያለው ደብረ ብርሃን ነው፣ እዚያው ሒዱ» አሏቸው። ይህን ቃላቸውን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ይጠቅመናል።

አምስተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። መጋቢት ላይ ከወይዘሮ ሰሊሃ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥተን ነበር። እርስዎ አልነበሩም። ጸሐፊዎ በታላቅ አክብሮት፣ የአርሶ አደሩን ድምፅ ስለ ማዳመጥ የሚሰጥ ስልጠና ላይ እንደሆኑ ነገረችን። ድምፃችንን ይዘን በር ላይ ቆመን ስለነበር ትንሽ ቅር አለን፤ ሆኖም ስልጠናው እስኪያልቅ መጠበቅ ተገቢ ነው ብለን ተጽናናን።

ጸሐፊዎ እንዳስረዳችን ቦቃ ዘሩ እስካሁን አልታየም፤ መሣሪያው ዕቃ ጎድሎታል። እስከዚያው መልሱልን ስንል ደግሞ፣ ወደ ግቢ ሲገባ የሙከራ ንብረት ተብሎ ስለ ተመዘገበ ያለ ንብረት መውጫ ወረቀት እንደማይወጣ፣ መውጫውን የሚፈርሙትም እርስዎ ብቻ እንደሆኑ ነገረችን። እዚህ ላይ ሰሊሃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ልጄ፣ ሲገባ የማን ፊርማ ነበረው?» አለቻት። ጸሐፊዎ ሻይ ልዘዝላችሁ አለች።

ከዚያ አውራውን እንድናየው ተፈቀደልን። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይዛችሁታል። የግቢው ጥበቃ አቶ ገብረአማኑኤል፣ የመዘዞ ሰው ናቸው፣ ብርዱ እንዳይገድለው ብለው ከማዳበሪያ ከረጢት ኮት ሰፍተውለታል፤ ከውስጥ የበግ ጠጉር አለው። ቦቃ በግንባሩ ላይ ያለችው ነጭ ምልክት ብቻ ወጥታ፣ ቀሪው ሁሉ ኮት ሆኖ፣ እንደ ሹም ቆሞ ነበር። ሰሊሃ ከቆላ በሻሿ ቋጥራ ያመጣችውን የግራር ፍሬ ዘረገፈችለትና፣ «አንተ ሌባ፣ ደጋ ገብተህ ኮት ለበስህ?» አለችው። አላለቀሰችም፤ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ቦቃ ፍሬውን በልቶ ሻሿንም ማኘክ ሲጀምር ነጥቃው ተነሣች። አቶ ገብረአማኑኤልን በሩን ክፈቱልኝና ይዤው ልሂድ ብትላቸው፣ «እናቴ፣ እኔ የምጠብቀው በሩን ነው፤ ፊርማው ያለው ላይ ቤት ነው» አሏት። ሰውየው አዝነው ነበር። ቤታቸው ከግቢው አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነም ወደዚያ አስገብተው ዳቦ አበሉን። እርስዎም ሆኑ ፕሮጀክቱ በዚያ ቀን ካደረጋችሁልን ነገር ሁሉ ያ ዳቦ ይበልጣል።

ስድስተኛ፣ ስለ ጎረቤላው ስብሰባ። ሚያዝያ ላይ የሙከራውን ውጤት ሊገልጹልን ወደ ጎረቤላ ወርደው በመገኘትዎ ኮርተናል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓምዶች አሳዩን፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሁለቱም ዓምዶች ቁመት አልነበራቸውም። በቢጫው እርግዝና አልተመዘገበም፤ በሰማያዊውም አልተመዘገበም። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ባለመታየቱ አልጌው ለውጥ አላመጣም፣ እንዲያውም የወርካ ሥር ፍየሎች የመራባት ችግር ያለባቸው ሆነው ስለ ተገኙ ከሰኔ ጀምሮ ተሰብስበው እንዲሸጡና በሌላ ዝርያ እንዲተኩ ታስቧል ብለው ደመደሙ።  ወይዘሪት ዮርዳኖስ ጫማዋን ስትመለከት አይቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ዓወል እጃቸውን አውጥተው፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ባላቸው የት ነው?» አሉ። አዳራሹ በሣቅ ስለ ፈረሰ ሰብሳቢው ጥያቄ ከምሳ በኋላ ነው ብለው አስቀመጧቸው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጉም ከገደሉ ሥር መውጣት ስለ ጀመረ፣ መንገዱ ሳይሸፈን ብላችሁ መኪኖቻችሁን አስነሥታችሁ ሄዳችሁ። አንኮበር ላይ ጉም ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ነንና አልተቀየምንም። ጋሽ ዓወል ግን እጃቸውን ያወረዱት መኪኖቹ ከዓይን ከጠፉ በኋላ ነው።

ክቡር ዶክተር፣ እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ፣ አንባቢም ሳይስቅ አልቀረም። አሁን ሣቁን ለአፍታ ላቁም።

ሰሊሃ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው በእነዚያ ፍየሎች ነው። እርሻ የላትም። ወተቱን ትጠጣለች፣ ትሸጣለች፤ ልጇን ሌይላን አሳድጋ የዳረችው በዚያው ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ ሌይላም ፀንሳለችና ጥቅምት ላይ እናቷ ቤት ልትታረስ ትመጣለች። ለመረጃ ያህል፣ በዚህ ዓመት ከወርካ ሥር ወገን የፀነሰች እሷ ብቻ ናት፤ አልጌ አልቀመሰችም፣ ባሏ ግን ቤቱ ነው የሚያድረው።

ቦቃ ግንቦት ሳይወጣ ቢመለስ ፍየሎቹ ጥቅምት ላይ ይወልዳሉ። ያን ጊዜ ቁጥቋጦው ሁሉ ለምለም ነው፤ እናትም ጡት አላት፣ ግልገልም ይቆማል፣ ለአራሷም ወተት ይተርፋል። ከዘገየ ግን ግልገል በደረቁ በጋ ላይ ይወድቃል፤ እናቱም የምትሰጠው አይኖራትም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ፍየሎቹ በሰኔ ካልተሸጡ ነው። ሰሊሃ ሌይላን ባዶ ጎተራ ይዛ ትቀበላት ይሆናል፤ ባዶ ጋጣ ይዛ መቀበልን ግን አታውቅበትም። እኔ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብላ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። «መካን ናቸው ብለው ፃፉብኝ አሉ። እኔንም ሌይላን እስክወልድ እንዲህ ነበር የሚሉኝ» አለችና እህሏን ተሸክማ ሄደች።

ስለዚህ አንድ ፊርማ እንለምናለን። ረጅም ፊርማ ካለዎት ግማሹ ይበቃናል። መኪና አንጠይቅም፤ ቦቃ እግር አለው። ኮቱንም መልሰን እንልካለን፤ ቆላ ላይ የሚለብሰው የለም።

በመጨረሻም፣ ከሥራ ብዛት ጊዜ ወስደው ለእንስቶቻችን ቀለባቸውን አስበው ባላቸውን ለረሱልን፣ ባዶውን ከባዶ ጋር አነጻጽረው እኩል መሆኑን ለደረሱበት፣ የአርሶ አደሩን ድምፅ ለማዳመጥ ሩቅ አገር ድረስ ለሚደክሙ ለክቡርነትዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማያቋርጥ ስልጠና፣ ቀለሙ የማይደርቅ እስክሪብቶ እመኛለሁ። በየወሩ ከሚላክልን አረንጓዴ ሽሮ ፊት ከነመንደሬ፣ ከነፍየሎቼና ከነድመቶቹ እጅ እየነሣሁ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ
ሰይፈሥላሴ፣ የወርካ ሥር ባለወፍጮ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ወሬ፦

ይህን ጽፌ ጨርሼ ሳለ አቶ ገብረአማኑኤል ከደብረ ብርሃን ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነበር። ከግቢው አጥር ማዶ በጓሯቸው የሚያረቧቸው የራሳቸው ፍየሎች በዚህ ሳምንት ሁሉም ወልደዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ሁለቱ መንታ ነው የወለዱት። ግልገሎቹ ሁሉ ግንባራቸው ላይ ነጭ ምልክት አላቸው። እነዚያ ፍየሎች አልጌ ቀምሰው አያውቁም፤ ጆሯቸው ላይም ቁልፍ የለም። ሰውየው የደወሉት ነገሩን ለመደበቅ አልነበረም፤ እንገሩ ለባለ አውራዋ ሳይደርስ አልቀምስም ብለው አድራሻዋን ሊጠይቁኝ ነው። በማግስቱ የፈላውን እንገር በጎረቤላው አውቶብስ ላኩላት። ሰሊሃም ለእያንዳንዱ ቤት በማንኪያ አዳረሰችው፤ መንደሩ ዘንድሮ የቀመሰው እንገር ያ ብቻ ነው። አንድ ማንኪያ ለእርስዎም አስቀርታ ነበር፤ ስልጠናው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ስላጣን ድመት በላው።

አቶ ገብረአማኑኤልን እንዳይቀጡብን እለምናለሁ። እሳቸው የሚጠብቁት በሩን ነው፤ ቦቃ ደግሞ በበሩ አልወጣም። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ግን ከቢጫውና ከሰማያዊው አጠገብ ሦስተኛ ዓምድ ቢያቆሙ፣ ቁመት ይኖረዋል።

በሌላ በኩል፣ ከግቢዎ ንብረት ለማውጣት እንጂ ወደ ግቢዎ ለመግባት ወረቀት እንደማያስፈልግ ጸሐፊዎን በስልክ ጠይቀን አረጋግጠናል። እንግዲያው ባል ወደ ሚስቶቹ መምጣት ካልተፈቀደለት፣ በጋሽ ዓወል ምክር መሠረት ሚስቶቹ ወደ ባላቸው ይወጣሉ። የወርካ ሥር ፍየሎች፣ ቢጫውም ሰማያዊውም፣ በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ ይነሣሉ፤ በጎረቤላ አድርገን ዳገቱን እንወጣለን። ሰሊሃ ከፊት ትመራለች። ጋሽ ዓወል መንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ጢማቸውን ተላጭተው ከኋላ ይነዳሉ።

በሩን ይክፈቱልን ብለን አናስቸግርዎትም። አጥርዎ ዝቅ ያለ መሆኑን ቦቃ አሳይቶናል።